የሐሙስ ቤተ መንግሥት

እኔ ውሸታም አይደለሁም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለውን ያነበበ ሁሉ ሌላ ነገር እንደሚያስብ ስለማውቅ ነው። ለአሠሪዬ ዋሽቼ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም እንደዚሁ፤ የመኖሪያ ወረቀት ስጠይቅ ፖሊስ ጣቢያ እንኳ፣ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ በሚቀጥፍበት ቦታ፣ እውነቱን ተናግሬ የተጉላላሁ ሰው ነኝ። በሕይወቴ የዋሸሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም ልጄ ናት።

ሮም የገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። አርሴማን በአምስት ዓመቷ ለእናቴ ትቻት፣ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ። ሁለቱ ዓመት አሥራ አንድ ሆነ። በዚህ መሀል ልጄ እናቴን "እማዬ" ማለት ለመደች። እኔን ደግሞ ታናናሾቼ "እትዬ መዓዛ" ሲሉኝ እየሰማች አደገችና እሷም እትዬ መዓዛ አለችኝ። አያት ያሳደገችው ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። ቢሆንም ስልክ ላይ "እትዬ መዓዛ፣ እንደምን ነዎት?" ባለችኝ ቀን ሰሃን የማጥበው በኃይል ነበር። አሠሪዬ ሲኞራ ጆቫና ሰሃኑ ሲንኳኳ ይሰሙና ከሳሎን ሆነው "ዛሬ አዲስ አበባ ደውለሻል ማለት ነው" ይሉኛል።

በዚህ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ሐሙስ ከምሳ በኋላና እሑድ ነፃ ናት። እሑድ የእግዚአብሔር ነው፤ የራሳችን ሐሙስ ናት። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የሮም ሐበሻ ሴት ሁሉ ሽርጧን ሰቅላ፣ ከንፈሯን ቀብታ ትወጣና ተርሚኒ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ትሰበሰባለች። እኔና ጓደኛዬ ልዕልቲ ግን ተርሚኒን አንወድም። እዚያ የሄደ ሰው ገና ሰላምታ ሳይጨርስ "የመኖሪያ ፈቃድሽ ወጣ? ማን አገባ? ማን ተባረረ?" ይባላል። ስለዚህ ፒራሚዴ ጣቢያ ባቡር እንይዝና ግማሽ ሰዓት ተጉዘን ኦስትያ፣ ባሕር ዳር እንወርዳለን።

ኦስትያ ላይ ከአደባባዩ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ የሚገባ የሲሚንቶ መንገድ አለ። ፖንቲሌ ይሉታል። ድልድይ እንዳይባል ወዲያ ማዶ የለውም፤ ጫፉ ላይ ክብ ሆኖ ያበቃል። ሰው እዚያ ድረስ ይሄዳል፣ ባሕሩን ያያል፣ ይመለሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። ልዕልቲ የመጀመሪያ ቀን "ይሄን ሁሉ ሲሚንቶ ያፈሰሱት ለመመለስ ነው?" ብላ ስቃለች። ኋላ ግን ከእኔ ይልቅ የወደደችው እሷ ናት። ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር አለው። ጡረተኞች የመንጠቆ ዘንጋቸውን ዘርግተው ዓሣ ይጠብቃሉ፤ ፍቅረኞች ይሳሳማሉ፤ ሕፃናት ብስክሌት ይማራሉ። መግቢያው አጠገብ በረዶ ፍቀው፣ ሽሮፕ አፍስሰውበት በብርጭቆ የሚሸጡበት ኪዮስክ አለ። እኛ በስተግራ ካሉት ወንበሮች መጨረሻው ላይ ተቀምጠን ጫማችንን እናወልቃለን። ለሦስት ሰዓት ያህል ማንም "መዓዛ!" ብሎ አይጠራኝም። ያቺን ሦስት ሰዓት የሚንቅ ሰው ካለ፣ ሰው ቤት ሠርቶ የማያውቅ ነው።

አሁን ወደ ውሸቱ።

አንድ ቀን ሲኞራ ጆቫና መሳቢያ አስተካክዪልኝ ብለውኝ አንድ አሮጌ ፖስትካርድ አገኘሁ። ጥቁርና ነጭ ነው። ባሕር ላይ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ቤተ መንግሥት የሚያክል ነገር፤ አናቱ ላይ ትልቅ ጉልላት፤ ከባሕሩ ዳር እስከ በሩ ድረስ የሚያስኬድ ድልድይ፤ ድልድዩ ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች።

"ይሄ የት አገር ነው?" አልኳቸው።

"ኦስትያ ነዋ! ሐሙስ ሐሙስ የምትሄጂበት። ከፖንቲሌው አጠገብ ነበር፤ ሰው የሚዋኝበት፣ የሚበላበት፣ የሚደንስበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠላት በባሕር ይመጣብናል ብለው ጀርመኖች በፈንጂ አፈረሱት። ካርዱን ከፈለግሽው ውሰጂው።"

ወሰድኩትና ለአርሴማ ላክሁላት። ከጀርባው የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ "ሐሙስ ሐሙስ የማርፈው እዚህ ነው።" ልብ በሉ፤ ይህ ውሸት አይደለም። ቦታው ያው ቦታ ነው። የጎደለችው "ፈርሷል" የምትል አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ለመጻፍ ደግሞ ካርዱ ጠበበኝ።

መልሱ በሁለተኛው ወር መጣ። አርሴማ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በራሷ እጅ የጻፈችልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነበር። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈዋል። "እትዬ መዓዛ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ምን ምን አለ?" ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ስልክ ላይ የምትለኝ አያቷ ከጎን ሆና "እንዲህ በያት" ያለቻትን ነበር። ይህን ግን ራሷ ጠየቀችኝ። ታዲያ ምን ልበላት? ሲሚንቶና ሽማግሌ ነው ያለው ልበል?

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ልብስ ስተኩስ ሲኞራን እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸውም ጠያቂ ማግኘታቸው ደስ ብሏቸው አንድ ሳያስቀሩ ይነግሩኛል። ነጭ የለበሰ ኦርኬስትራ ነበረ፤ ከጉልላቱ ሥር ሰዉ ይደንስ ነበረ፤ የሎሚ በረዶ በብር ጽዋ ይቀርብ ነበረ፤ ሞገዱ ከወለሉ ሥር ሲመታ በጫማ በኩል ይሰማ ነበረ። እሳቸው እዚያ የደነሱት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። አንድ ዓርብ ዓመቱን ነገሩኝና ካውያውን አቁሜ አሰላሁት። እሳቸው ሲደንሱ የአገራቸው ወታደሮች እኛ አገር ነበሩ፤ የአያቴ ወንድም አርበኛ ሆኖ ዱር ነበር። ንዴቴ መጣ። ቆየት ብዬ ደግሞ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ታድርግ ብዬ መተኮሴን ቀጠልኩ። አንዱ የትራስ ልብስ ግን በዚያ ቀን ጠርዙ ተቃጥሏል።

የሰማሁትን ሁሉ ለአርሴማ ጻፍኩላት። "ነበረ" የሚለውን እየተውኩ ነው የጻፍኩት። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ወለሉ ከምንድነው? ሙዚቀኞቹ ስንት ናቸው? ዓሣዎቹ በመስኮት ይታያሉ? እናቴ ማንበብ ስለማትችል አርሴማ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤት በተሰበሰበበት ጮክ ብላ ታነብላት ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ኩራትም ነገር ተሰማኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ቆየን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን ረስቼው አይደለም፤ ንጋቱ ሩቅ መስሎኝ ነው።

አርሴማን ለማስመጣት የሚያስፈልገው ወረቀት የተሟላው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ነው። ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበላት ሄድኩ። በቁመት በልጣኛለች። እንደ እንግዳ ሦስት ጊዜ ተሳሳምንና "እትዬ መዓዛ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አለችኝ። እኔና ልዕልቲ በተከራየነው ክፍል ውስጥ ሻንጣዋን ስትከፍት፣ ከላይ ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ደብዳቤዎቼ አሉ፤ አንዱም አልጎደለም። ከደብዳቤዎቹ ሥር የመመለሻ ቲኬቷ ነበር።

"እማዬ ወር ሞክሪው፣ ካልተስማማሽ ተመለሺ ብላኛለች" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንደ አውቶቡስ ሰዓት ነው የነገረችኝ። ቀጥላም "ሐሙስ መቼ ነው?" አለች።

የመጀመሪያው ሐሙስ ዘነበ፤ እግዜር ይስጠው። በሁለተኛው ሲኞራ አመማቸው አልኩ፤ ጉንፋን ነው የያዛቸው። በሦስተኛው "ለጥገና ተዘግቷል" ብዬ ቁጭ አልኩ። ልዕልቲ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ "ስልሳ ዓመት የፈጀ ጥገና!" ብላ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ልጅቷ አልጋዬ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ምን ልሥራልሽ ስላት "ግድ የለም" ትላለች፣ በረደሽ ስላት "ግድ የለም"። ልጅ ሳይሆን የተከበረ እንግዳ ነው የመጣብኝ። የምትወደው ነገር አንድ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱንም ጀርመኖች አፍርሰውታል። አራተኛው ሐሙስ ደረሰ። ቲኬቱ የእሑድ ነበር።

ልዕልቲ "ይቺን ጉድ ሳላይ አልቀርም" ብላ ተከተለችን። አርሴማ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። ባቡር ውስጥ ፖስትካርዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በየጣቢያው በመስኮት ታያለች። ከጣቢያው ወርደን እስከ አደባባዩ ድረስ እሷ ከፊት ነበረች። ፖንቲሌው ዘንድ ስንደርስ ቆመች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች።

"የታለ?"

"ይኸው ይሄ ነው" አልኩ።

"ምኑ?"

"ፈርሷል፣ አርሴማ። ጀርመኖች ናቸው።"

"ጀርመኖች መቼ መጡ?"

"በጦርነቱ ጊዜ።"

አርሴማ በትምህርት ሰነፍ አይደለችም። ስታሰላ አየኋት። "እርስዎ ሳይወለዱ ነው የፈረሰው ማለት ነው?"

"ትንሽ ቀደም ብሎ" አልኩ። ልዕልቲ ፊቷን ወደ ኪዮስኩ አዞረች።

"እማዬ እኮ ሰው ሰብስባ ነው የምታስነብበኝ" አለች አርሴማ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ጎረቤታችን እትዬ ለተንኪኤል እንኳ፣ ጆሯቸው አልሰማ ብሏቸው፣ አፌ ሥር ነው የሚቀመጡት። ደብዳቤ ሲጠፋ የድሮውን ድገሚልን ይሉኛል። የወለሉን ሳነብላቸው ያለቅሳሉ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰፈር ሁሉ ውሸት ሳነብ ኖሬያለሁ።" ካርዱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "እሑድ እሄዳለሁ።"

ይህን ብላ ጥላን ሄደች። ከተማውን ስለማታውቅ ፊቷ ወዳየበት ነው የሄደችው፤ ፊቷ ደግሞ ወደ ባሕሩ ነበር። ፖንቲሌ ላይ የወጣ ሰው እንደሆነ የሚሄድበት አንድ ነው። እኔና ልዕልቲ ከኋላ ተከተልናት። መሀሉ ላይ ስትደርስ ቁልቁል አየችና ከእግሯ ሥር ውሃ መሆኑን አወቀች። ውሃ ትፈራለች ለካ። የጎኑን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች።

ያን ጊዜ ነው ሚኬሌ ያየን።

ሚኬሌ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ዘንጉን ይዞ ይቆማል፤ ከመዳፍ የሚበልጥ ዓሣ ሲያወጣ ግን አይቼ አላውቅም። "ማኤዛ! ታዲያ፣ ይቺ ናት? አርሴማ?" ብሎ ጮኸ። አርሴማ ስሟን ስትሰማ ዞረች። ሚኬሌ ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ይህን ሲያደርግ በአሥራ አንድ ዓመት አይቼው አላውቅም። ከዚያ በሁለት እጁ አየሩን መዋኘት ጀመረ። ዋኘ፣ ጠለቀ፣ ከአየሩ ውስጥ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣና ትከሻው ላይ አደረገው። ሌሎቹ ጡረተኞችም መጡ። አንደኛው በጣቶቹ አየር ላይ ፒያኖ ይመታል።

"ምን ይላሉ እኚህ ሰውዬ?" አለች አርሴማ።

"እንኳን ደህና መጣሽ ይላል።"

"በዚህ ሁሉ እጅ?"

የዋሸሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ ነበር። ስናገር ቸኩያለሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር እነዚህ ሽማግሌዎች "ልጅሽ እንዴት ናት?" ይሉኛል። የእነሱን የልጅ ልጆች ጥርስ ማብቀል ሳይቀር ሰምቻለሁ። እኔ ያለኝ በዓመት አንድ ፎቶ ነው። መጀመሪያ "ጎበዝ ተማሪ ናት" አልኩ። በሚቀጥለው ፒያኖ ትጫወታለች አልኩ። ከዚያም ቢሾፍቱ ሐይቅ ገብታ የሚሰጥም ሕፃን አወጣች አልኩ፤ ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ።

"እትዬ መዓዛ፣ ሰዎቹን ምን ብለዋቸው ነው?"

አንድ በአንድ ነገርኳት። ሐይቁን፣ ሕፃኑን፣ ፒያኖውን። "ፈረንሳይኛውን ረሳሽው" አለች ልዕልቲ ከኋላዬ። ጓደኛ ማለት ይህች ናት።

አርሴማ ትክ ብላ አየችኝ። "ለምን?"

"ስለማላውቅሽ ነዋ!" አልኩ። ድምፄ ከፍ አለብኝ። "የማውቀው ፎቶሽን ነው። ፎቶ ላይ ደግሞ አፍሽን ገጥመሽ ነው የምትቆሚው፤ ስትስቂ ምን እንደምትመስዪ እንኳ አላውቅም። ልጅሽ እንዴት ናት ሲሉኝ 'አላውቃትም' ልበል? የወለድኳትን? አንቺም ምን ምን አለ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ምንም የለም፣ አንድ ወንበር አለ፣ እዚያ ተቀምጬ እግሬን አሻለሁ ብዬ ልጻፍልሽ? ያንን ብጽፍ ዳግመኛ ትጠይቂኝ ነበር? እንዳታቆሚብኝ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

አልቅሼ ነበር መሰለኝ፤ ልዕልቲ መሀረብ ሰጠችኝ። ሚኬሌ አማርኛ ስለማያውቅ የናፍቆት መስሎት አብሮን ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ አርሴማን እያየ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ይሄን ደግሞ ምን አሉ?" አለች። "እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ዋናተኛዋ ብረቱን እንዲህ የጨበጠችው ለምንድነው? ይላል።"

አርሴማ እጆቿን አየች። ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል፤ አለቀቀችውም። "ሕፃኑ ስንት ዓመቱ ነበር?" አለች።

"የትኛው ሕፃን?"

"ያወጣሁት።"

"አራት" አልኩ።

"አንድ ብቻ ነው?"

"አንድ ነው።"

"ሁለት ነበሩ ይበሏቸው" አለች። "መንታ። ከዚያ ወዲህ ነው ውሃ የምፈራው።"

ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሚኬሌ "ማዶና!" ብሎ አማተበና ጉንጮቿን ግራና ቀኝ ሳማት። ሌላው ጡረተኛ ቆቡን አወለቀላት። ያን ጊዜ አርሴማ ሳቀች፤ አፏን ከፍታ፣ እስኪያንገዳግዳት። የፊት ጥርሷ አንዱ ባንዱ ላይ ትንሽ ተደርቧል። የኔም እንደዚያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከፎቶ ላይ ስፈልገው የኖርኩት ለካ እሱን ነው።

ወንበራችን ላይ ተቀመጥን። ልዕልቲ ከኪዮስኩ የቼሪ ሽሮፕ ያለበት በረዶ አመጣችልንና አርሴማ "የብር ጽዋው የታለ?" አለች፤ አንገቴን ደፋሁ። ኋላ እስከ ጫፉ ድረስ መሄድ አማራት። ብረቱን ለቀቀችና ክንዴን ያዘች፤ እስከ ክቡ ድረስ ሄደን፣ ባሕሩን አይተን ተመለስን። ሥራው ይኸው ነው ብያለሁ። ክንዴን ግን ሲመሻሽ እንኳ ያመኝ ነበር፤ እንዲያ አድርጋ ነው የያዘችኝ።

በመልሱ ባቡር ልዕልቲ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። አርሴማ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጉልበቷ ላይ መጻፍ ጀመረች።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለእማዬ።"

"እውነቱን ልትነግሪያት ነው?"

"እትዬ ለተንኪኤልን ልግደላቸው?" አለች ቀና ሳትል። "ጉልላቱ ቀለሙ ምን ነበር? ካርዱ ላይ አይታይም።"

"እኔም አላውቅም። ነገ ዓርብ ነው፤ ስተኩስ ሲኞራን እጠይቃቸዋለሁ።"

"እንግዲያው ቦታ ልተውለትና ሰኞ እልከዋለሁ" አለች።

ሰኞ አለች። ቲኬቱ የእሑድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲነኩት ይበራል። ቀስ ብዬ አንገቴን አስግጌ ወረቀቱን አየሁት። ፊደሏ አሁን ቀጥ ብሏል። "እኔና እናቴ ዛሬ ባሕሩ ላይ ባለው ቤተ መንግሥት ስንደንስ ዋልን" ይላል።

ቤተ መንግሥቱ ውሸት ነው። ጭፈራውም ውሸት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ግን እስከ ፒራሚዴ ድረስ ደጋግሜ አነበብኳቸው።